ፊልም ለምታሳዩ ሁሉ፦ ሰዓቱን አትቀንሱብን

ለሲኒማ ቤት ኃላፊዎች፣
ለቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጆች፣
ፊልም በኢንተርኔት ለምታቀርቡ ድርጅቶች

ጉዳዩ፦ ዝግ ብለው የሚሄዱ ፊልሞች በተሠሩበት ርዝመትና ፍጥነት እንዲታዩ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ ፊልም አሳዪዎች፣

ጥያቄዬን አስቀድሜ ምክንያቱን ላስከትል። ረጋ ብለው የሚሄዱ፣ አንድን ትዕይንት ሳይቆርጡ ለብዙ ደቂቃ የሚያቆዩ፣ ተመልካቹ በራሱ ዓይን እስኪያገኝ የሚጠብቁ ፊልሞች አሉ። እነዚህን ፊልሞች ስታሳዩ አታሳጥሯቸው። አታፍጥኗቸው። ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት አትጣሏቸው። ሲያበቁም የሠሪዎቹ ስም ገና መውረድ ሲጀምር በሌላ ፊልም ማስታወቂያ አትሸፍኗቸው። ጥያቄዬ ይኸው ነው። ለሚሰማው ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ጊዜው ራሱ ሥራው ነውና፣ ከጊዜው የቀነሰ ሰው ከሥራው ቀንሷል።

አንድ ሾት ልጥቀስ፤ ሾት ማለት ካሜራው ሳይቆረጥ በአንድ ጊዜ የሚያሳየን ምስል ነው። ሩሲያዊው ዳይሬክተር አንድሬ ታርኮቭስኪ በ1983 ጣሊያን ውስጥ በሠራው «ኖስታልጊያ» በተባለው ፊልም (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) መጨረሻው አካባቢ አንድ ሰው የበራ ሻማ ይዞ ውኃው የተለቀቀ ገንዳ ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ይነሣል። ጥቂት እንደ ሄደ ሻማው ይጠፋል። ይመለሳል፣ ያበራል፣ እንደገና ይጀምራል። አሁንም ይጠፋል። በሦስተኛው ግን ይደርሳል። ይህ ሁሉ አንድም ጊዜ ሳይቆረጥ 9 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው፤ ሰውየው ሻማ ይዞ ተሻገረ። ያንን መስመር ያነበበ ሰው ምንም አልደረሰበትም። ዘጠኙን ደቂቃ አብሮ የቆየ ተመልካች ግን በሁለተኛው ሙከራ ትንፋሹን ይይዛል፤ በሦስተኛው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እሱም መፈለግ ይጀምራል፤ እጁም ሳይታወቀው ነበልባሉን ሊጋርድ ይቃጣዋል። ያንኑ ሾት በአንድ ተኩል ፍጥነት አስኪዱት። 6 ደቂቃ ይሆናል፤ ሰውየው እየተጣደፈ ይራመዳል፤ ሻማውም ይደርሳል። ነገር ግን ከዚህ ከመጣደፉ ውስጥ ሥጋቱ ወጥቷል፣ ድካሙ ወጥቷል፣ ጸሎት የመሰለው ነገር ወጥቷል። ተመልካቹ ሻማ አየ እንጂ ፊልሙን አላየም።

ታርኮቭስኪ ሰው ወደ ሲኒማ የሚሄደው ጊዜን ፍለጋ ነው ብሎ ጽፏል፤ ያጣውን፣ ያባከነውን፣ ወይም ገና ያላገኘውን ጊዜ። በ1979 የወጣው «ስታልከር» ለሶቪየት የፊልም ባለሥልጣናት ሲቀርብ «መጀመሪያው ይንቀራፈፋል፣ ይፍጠን» የሚል አስተያየት እንደ ተሰነዘረበት፣ እሱም አዳራሽ ተሳስቶ የገባ ሰው ለመውጣት ፋታ እንዲያገኝ ጭራሽ ከዚህም በላይ መዝገም ይገባዋል ብሎ እንደ መለሰ ይነገራል። ይህን የማነሣው እናንተ በተቀመጣችሁበት ወንበር ላይ የነበሩ ሰዎች ከዚህ በፊትም «ይፍጠን» ብለው ስለሚያውቁ ነው። ፊልሙ አልፈጠነም፤ አሁንም ይታያል።

በ2019 ፊልም በኢንተርኔት የሚያቀርበው ኔትፍሊክስ ተመልካቹ የፊልሙን ፍጥነት በራሱ እንዲቀይር የሚያስችል አዝራር መሞከር ሲጀምር ብዙ ፊልም ሠሪዎች ተቃውመው ነበር። በዓመቱ አገልግሎቱ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ተለቀቀ፤ ከግማሽ ፍጥነት እስከ አንድ ተኩል። መስማት የተሳናቸውና ማየት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበራት ደግፈውታል፤ ድጋፋቸውም በቂ ምክንያት አለው። በስክሪኑ ግርጌ የሚወጣውን ጽሑፍ ቀስ ብሎ ማንበብ የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ ፊልሙን በጆሮው ብቻ የሚከታተልና ፈጣን ንግግር የለመደም አለ። ስለዚህ አዝራሩ ይጥፋ አልልም። የምለው፣ አዝራሩ ከፊልሙ ፍጥነት ጋር እኩል ክብር ያለው ሌላ አማራጭ ተደርጎ አይቅረብ ነው። አንድ ዳይሬክተር «ሥራዬ በዚህ ፍጥነት ይታይልኝ» ካለ፣ ቃሉ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት በስክሪኑ ላይ ይነበብ። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ የወደደውን ያድርግ፤ የሚያደርገውን ግን አውቆ ያድርግ።

የስም ዝርዝሩ ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሦስት ሰዓት ሙሉ የተጠራቀመ ነገር የሚረጋው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ባሉት ሦስት አራት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። እናንተ ግን በዚያች ሰዓት ምስሉን ወደ ጥግ ታሳንሱና ወደ ኋላ የሚቆጥር ቁጥር ታወጣላችሁ፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት። ሰው የሚያለቅስበትን ሰዓት በቁጥር ማጣደፍ ነውር ነው።

ሲኒማ ሲወለድ ይህ ጥድፊያ አልነበረበትም። በ1895 ከመጀመሪያዎቹ ፊልም ሠሪዎች መካከል የሆኑት ፈረንሳውያኑ የሉሚየር ወንድማማቾች በፓሪስ ለሕዝብ ያሳዩዋቸው ፊልሞች እያንዳንዳቸው 50 ሰከንድ ያህል የሚቆዩ፣ ካሜራው በአንድ ቦታ ቆሞ የሚያይባቸው፣ ምንም የማይቆረጥባቸው ነበሩ። ሠራተኞች ከፋብሪካ ይወጣሉ። ባልና ሚስት ደጅ ተቀምጠው ሕፃን ልጃቸውን ይመግባሉ። ስለ ሕፃኑ ፊልም የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ የዘመኑን ተመልካቾች ያስደነቃቸው ከቤተሰቡ ይልቅ ከኋላቸው በነፋስ የሚወዛወዘው ቅጠል ነበር ይባላል። ቅጠሉን ተመልከቱ ያላቸው የለም። ካሜራው ወደ ቅጠሉ አልተጠጋም፤ ሙዚቃም አላመለከታቸውም። ሃምሳ ሰከንድ ስለ ተሰጣቸው ዓይናቸው ከሰዎቹ ላይ ተነሥቶ ሄደና አገኘው። ለእኔ የሲኒማ ትልቁ ስጦታ በዚያች ቅጠል ላይ ታይቷል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። አሜሪካዊው የፊልም ምሁር ዴቪድ ቦርድዌል የሆሊውድ ፊልሞችን ሾት በሾት ቆጥሮ እንዳሳየው፣ ከ1930 እስከ 1960 በተሠሩት አብዛኞቹ ፊልሞች አንድ ሾት በአማካይ ከ8 እስከ 11 ሰከንድ ይቆይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አማካዩ እየወረደ ሄዶ ምዕተ ዓመቱ ሲያበቃ ከ3 ሰከንድ በታች የደረሱ ፊልሞች ታዩ። በ3 ሰከንድ ውስጥ ቅጠሉን ማንም አያገኘውም። ፈጣን ቅንብርን፣ ማለትም ሾቶችን ቶሎ ቶሎ እየቀያየሩ ማያያዝን፣ ጠልቼ አይደለም፤ ሲዋጣለት ልብ ይሰቅላል፣ የራሱም ጥበብ አለው። ነገር ግን በፈጣን ቅንብር ውስጥ የት ማየት እንዳለብኝ በየሰከንዱ የሚወስንልኝ ሌላ ሰው ነው። ፈረንሳዊው ሐያሲ አንድሬ ባዛን ረጅሙን ሾት አጥብቆ የተሟገተለት ለዚህ ነበር፤ ተመልካቹ በምስሉ ውስጥ የሚፈልገውን ራሱ የመምረጥ ነጻነት ያገኛል ብሎ። ዛሬ ያ ነጻነት ከበፊቱ ይልቅ ያስፈልገናል።

ይህ ነጻነት ምን ያህል እንደሚያደርስ ለማየት ከ«ዣን ዲልማን» የተሻለ ምስክር አላውቅም። ቤልጅየማዊቷ ሻንታል አከርማን ይህን ፊልም በ1975 ስታወጣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ አጋማሽ ላይ ነበረች። ርዝመቱ 201 ደቂቃ ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ከጎረምሳ ልጇ ጋር ብራስልስ ውስጥ ትኖራለች፤ ሦስት ቀን እናያታለን። ድንች ትልጣለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ጫማ ትቦርሻለች። ከሰዓት በኋላ አንድ ወንድ ይመጣል፤ ገንዘብ ይከፍላታል፤ ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ ባለ የሾርባ ዕቃ ውስጥ ታኖረውና ትከድነዋለች። ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ ፊቷን ለማሳየት አይጠጋም። እሷ ከወጥ ቤት ስትወጣ መብራቱን ታጠፋለች፤ በሚቀጥለው ክፍል ታበራለች። የመጀመሪያውን ቀን ያየ ተመልካች የዚያን ቤት ሥርዓት ከነድምፁ ያውቀዋል።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ነገሩ ይለወጣል፤ ድንቹ ከመጠን በላይ ይበስልባታል። ያጠበችው ማንኪያ ከእጇ ይወድቃል። የሾርባውን ዕቃ ሳትከድነው ትሄዳለች። በቃ፣ የሚሆነው ይኸው ነው። በሌላ ፊልም ውስጥ ሕንጻ ተደርምሶ እንኳ የማይሰማኝን ድንጋጤ በዚያች ማንኪያ መውደቅ እሰማለሁ፤ ምክንያቱም ይህች ሴት ማንኪያ እንደማትጥል አንድ ቀን ሙሉ አብሬያት ውዬ አውቄአለሁ። ያንን እውቀት በአጭር መንገድ ሊሰጠኝ የሚችል የለም። አንድ ገጸ ባሕርይ መጥቶ «ሰሞኑን ልክ አይደለችም» ቢለኝ መረጃ ይሆናል እንጂ እውቀት አይሆንም። የሦስተኛውን ቀን መጨረሻ አልናገርም፤ ያላያችሁት እንድታዩት እፈልጋለሁና። የብሪታንያ የፊልም ኢንስቲትዩት መጽሔት በየአሥር ዓመቱ ሐያስያንን እያስመረጠ በሚያወጣው ዝርዝር ላይ በ2022 አንደኛ የሆነው ይህ ፊልም ነው፤ በሴት የተሠራ ፊልም አንደኛ ሲወጣም የመጀመሪያው ነው። ከምርጫው በኋላ ስሙን የሰሙ ብዙዎች ሊያዩት ፈልገዋል። ፈልገው ሲመጡ በምን ሁኔታ እንደሚያገኙት የምትወስኑት ግን እናንተ ናችሁ።

«ተመልካቹ ትዕግሥት የለውም» ትላላችሁ። ትዕግሥት ግን ከሰው ጋር የሚወለድ ብቻ አይደለም፤ ይለመዳል፣ ይሠለጥናል፣ ቦታም ይፈልጋል። አንድ ረጅም ሾት ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ምስሉን እናነብበዋለን፤ ይህ ቤት ነው፣ ይህች ላም ናት፣ ይህ ጭቃ ነው። ከዚያ «ገባኝ» እንላለን፤ የሚቀጥለውን እንጠብቃለን። ሾቱ አይቀየርም። እዚህ ላይ ይደብረናል፤ እጃችን ስልክ ይፈልጋል። ዋናው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሌላ የሚሄድበት ያጣ ዓይን ተመልሶ ይመጣና ቅድም «ገባኝ» ያለውን እንደ አዲስ ማየት ይጀምራል። ጭቃው ጥልቀት አለው። ግድግዳው ላይ እርጥበት አለ። ከሩቅ የሚሰማው ድምፅ ደወል ይሁን ሌላ ነገር አይለይም። ጆሮ ሥራ ይጀምራል። የራሳችን አሳብም ወደ ሾቱ ይገባና ከምስሉ ጋር ይነጋገራል። የሃንጋሪው ቤላ ታር በ1994 ባወጣው «ሳታንታንጎ» መግቢያ ላይ ላሞች ከበረት ወጥተው ሰው በማይታይበት መንደር ውስጥ ሲጓዙ ካሜራው ስምንት ደቂቃ ያህል አብሯቸው ይሄዳል። ቃል አይነገርም። ሾቱ ሲያበቃ ግን ያ መንደር ምን ዓይነት ቦታ እንደ ሆነ፣ ሰዎቹም ምን ያህል ተስፋ እንደ ቆረጡ አንድም ሰው ሳናይ ገብቶናል። ከሰባት ሰዓት በላይ ለሚዘልቅ ፊልም በዚህ መንገድ እንሰናዳለን፤ ዳይሬክተሩ በእነዚያ ስምንት ደቂቃዎች አረማመዱን ያስተምረናል።

ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ ይህንኑ ሳያስረዝም ያደርገው ነበር። በ1953 በወጣው «የቶኪዮ ታሪክ» ውስጥ ሰዎች ተነጋግረው ሲለያዩ ሰው የሌለበት መተላለፊያ ወይም የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ለጥቂት ሰከንዶች ይታያል፤ ታሪኩ ምንም አይጨምርም፣ የተባለው ነገር ግን ወደ ልብ የሚወርድበት ፋታ ያገኛል። ዝግታ ማለት የግድ ሰባት ሰዓት ማለት እንዳልሆነ እዚህ ይታያል።

ዝግ ያለ ፊልም ሁሉ ጥሩ ነው ብዬም አልከራከርም። ዝግታ ፋሽን የሆነበት ጊዜ አለ፤ በፌስቲቫል ላይ ጥልቅ ለመምሰል ብቻ ካሜራ አቁመው የሚጠፉ ዳይሬክተሮች አሉ። የምለይበት መንገድ አለኝ። በሾቱ ውስጥ ቆይቼ ሳለ የማየው ነገር እየበዛ ከሄደ ዳይሬክተሩ የሚያውቀው ነገር አለ። ከደቂቃ በኋላም ያው ከሆነ፣ ብርሃኑም ድምፁም ፊቱም ምንም ካልሰጠኝ፣ ርዝመቱ ባዶነቱን መሸፈኛ ነው። ይህንን መለየት የሚችል ግን ሙሉውን ያየ ሰው ብቻ ነው።

የቴሌቪዥን ሰዎች «ሕዝቡ አይቀበለውም» ስትሉ የኖርዌይን የሕዝብ ቴሌቪዥን አስታውሱ። በ2009 ከበርገን እስከ ኦስሎ የሚሄደውን ባቡር ጉዞ ከሰባት ሰዓት በላይ ሙሉውን አስተላለፈ። ተራራ፣ ዋሻ፣ በረዶ፣ ጣቢያ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ ከፊሉን ተመለከቱት። በ2011 ደግሞ በአገሪቱ የባሕር ዳርቻ የሚጓዝን መርከብ ለ134 ሰዓት በቀጥታ አስተላለፈ፤ ሰዎች በየወደቡ እየወጡ መርከቡን በሆታ ተቀበሉት። አዘጋጆቹ የተለየ ሕዝብ አላገኙም። ሰዓቱን ሰጡት፣ ስለ ፕሮግራሙም በኩራት ነገሩት፤ ሕዝቡም መጣ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ለማን ነው ጊዜ የምንሰጠው? ኃይሌ ገሪማ በ1976 ባወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ካሜራው የገበሬውን ቤተሰብ ሥራ በጥድፊያ አያልፈውም። ማረሱ፣ ከብት መጠበቁ፣ መሸከሙ፣ መድከሙ በራሱ ፍጥነት ይታያል። የሁለት ሰዓት ተኩል ፊልም ነው፤ የጭቆናውን ክብደት የምናውቀው ስለተነገረን ሳይሆን ስለቆየንበት ነው። ፊሊፒናዊው ላቭ ዲያዝም በ2016 በቬኒስ ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ፣ ባገኘበት «ሄዳ የነበረችው ሴት» ባልሠራችው ወንጀል ሠላሳ ዓመት ታስራ ለወጣች ሴት 226 ደቂቃ ሰጥቷታል። ዜና ለእንዲህ ያለች ሴት አሥር ሰከንድ ይሰጣታል፤ ሰጥቶም ወደ ስፖርት ያልፋል። ከእነዚህ ፊልሞች ላይ ደቂቃ ስትቆርጡ ከማን ላይ እንደምትቆርጡ ልብ በሉ።

ስለ እንቅልፍም አንድ ቃል ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚያፍርበት ነገር ነውና። ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ አዳራሽ ውስጥ የሚያስተኙንን ነገር ግን በኋላ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሱንን ፊልሞች እንደሚመርጥ ተናግሯል። ታይላንዳዊው አፒቻትፖንግ ዊራሴታኩል በ2018 በሮተርዳም ፌስቲቫል ላይ ሰዎች አልጋ ይዘው ሌሊቱን ከምስልና ከድምፅ ጋር የሚያድሩበት ሆቴል እስከ ማዘጋጀት ደርሷል። ስለዚህ የተኛውን ተመልካች እንደ ውድቀት ምልክት አትቁጠሩብን። ለአፍታ ያሸለበ ሰው ሲነቃ ምስሉ እዚያው ሲጠብቀው ያገኘዋል። ታዳጊዎችን ወደ እነዚህ ፊልሞች የሚያመጡ መምህራንም ይህንን አስቀድመው ቢነግሯቸው ብዙ ፍርሃት ይቀንሳል።

አሁን በየወገናችሁ ልናገር። የሲኒማ ቤት ኃላፊዎች፣ ርዝመቱን አትደብቁ፤ ሰባት ሰዓት ከሆነ ሰባት ሰዓት ብላችሁ ጻፉ። ሰው ስንቁን ይዞ፣ ጉዳዩን ጨርሶ ይመጣል። በጠዋት ወይም በእረፍት ቀን ከሰዓት በፊት ጀምሩት እንጂ የመጨረሻው ትራንስፖርት ካለፈ በኋላ አይለቅ። «ሳታንታንጎ»ን የመሰለውን ፊልም ሁለት ጊዜ እረፍት ሰጥቶ ማሳየት የተለመደ ነው፤ እረፍቱ ክፍል ሲያልቅ ይሁን እንጂ ለሽያጭ ሲመች አይሁን። አዳራሹ ጨለማ ይሁን፤ ስልክ ይጥፋ። ጸጥ ባለ ሾት መካከል ከጎረቤት አዳራሽ የሚገባውን ድምፅ የምታስቀሩበትን መንገድ ፈልጉ፤ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ጸጥታው ተቀርጾ የገባ ድምፅ ነው።

የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጆች፣ በሾት መካከል ማስታወቂያ አታስገቡ። ማስገባት ግድ ከሆነባችሁ ፊልሙን ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉንም በአንድ ላይ አሳዩን፤ እንታገሣለን።

በኢንተርኔት የምታቀርቡ፣ ስም ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ተዉልን፤ የሚቀጥለውን ፊልም ያለ ጥያቄ አታስጀምሩብን። ፊልሙን ስታስተዋውቁም «ለትዕግሥተኞች ብቻ» እያላችሁ ሰውን አታስፈራሩ። ስለ ምን እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ምን ያህል እንደሚረዝም ንገሩንና ተዉን። ግማሹን አይቶ ያቋረጠን ሰው ቁጥር ይዛችሁም ፊልሙን ከዝርዝራችሁ ለማውጣት አትቸኩሉ፤ ሦስት ሰዓት ፊልም በሁለት ምሽት የሚጨርስ ሰው አለ፣ ከዓመት በኋላ የሚመለስም አለ።

መልሳችሁን በደብዳቤ አልጠብቅም። በሚቀጥለው ወር ፕሮግራማችሁ ላይ አንድ እንዲህ ያለ ፊልም፣ ሰው ሊመጣበት በሚችል ሰዓት፣ ሙሉ ርዝመቱ ከርዕሱ አጠገብ ተጽፎ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ከወጣ ገዝቼ እገባለሁ፤ ሌሎችንም ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊልም ተመልካች